ምዕራፍ አምስት፦ የሸለምጥማጥ ጭራ

የሸለምጥማጥ ገላ ጠቃጠቆ ነው፤ ጭራዋ ግን ቀለበት። ከአንገቷ እስከ ዳሌዋ ጥቁር ነጠብጣብ ግራጫው ጠጉር ላይ ተበትኖ ይታያል። ጭራዋ ከሚጀምርበት ቦታ አንስቶ ነጠብጣቡ ይጠፋና ጥቁርና ነጣ ያለ ቀለበት እየተፈራረቀ እስከ ጫፉ ይዘልቃል። አቦሸማኔም ገላውን የሞሉት ነጠብጣቦች ወደ ጭራው መጨረሻ ሲደርሱ ተያይዘው ቀለበት ይሆናሉ። የነብር ጭራም ጫፉ አካባቢ እንዲሁ ነው። ገላው ባለ መስመር፣ ጭራው ባለ ነጠብጣብ የሆነ እንስሳ ፈልጎ ማግኘት ግን እጅግ ያስቸግራል።

የሒሳብ ሊቁ ጄምስ መሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ለዚህ ልዩነት ያቀረበው መልስ ቀላልና ደፋር ነበር። ለጭራው የተለየ መመሪያ አያስፈልግም አለ። ገላውን ነጠብጣብ ያደረገው ያው ሂደት ቀጭን ነገር ላይ ሲሠራ ከቀለበት ሌላ የሚያወጣው ነገር የለም። ይህ ምዕራፍ የሚከተለው ያንን ሐሳብ ነው። አንድ ጥለት ምን እንደሚመስል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ፣ ብዙ ጊዜም ዋናው፣ ጥለቱ ያረፈበት ገጽ ቅርጽ ነው።

ሂደቱን መጀመሪያ በሒሳብ የጻፈው አላን ቱሪንግ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ባሕር ኃይልን ምስጢራዊ መልእክቶች በመፍታት ትልቅ ድርሻ የነበረው፣ ለኮምፒውተር ሳይንስም መሠረት የጣለው እንግሊዛዊ፣ በ1952 ማንችስተር ሆኖ ያሳተመው ጽሑፍ ስለ ማሽን አልነበረም። የጠየቀው ፅንስ እንዴት ቅርጽ እንደሚይዝ ነው። ሲጀምር ክብና አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ከየት አምጥቶ ነው እዚህ ጥቁር፣ እዚያ ነጭ፣ እዚህ ጣት፣ እዚያ ክፍተት የሚሆነው?

ሁለት ንጥረ ነገሮችን እናስብ። አንደኛውን አነሳሽ፣ ሁለተኛውን ገቺ እንበላቸው። አነሳሹ ራሱን ያበዛል፤ ገቺውንም እንዲመረት ያደርጋል። ገቺው በበኩሉ አነሳሹን ያዳክማል። ሁለቱ አንድ ቦታ ተቀላቅለው ቢቀመጡ ሚዛን ላይ ይደርሱና ለውጥ አይታይም። አሁን በአንድ ገጽ ላይ እንዲሰራጩ እንፍቀድላቸው። መሰራጨት ልዩነትን ያጠፋል እንጂ አይፈጥርም ብለን እንጠብቃለን። ቱሪንግ ያሳየው ይህ ግምት ሁልጊዜ እንደማይሠራ ነው። ገቺው ከአነሳሹ በጣም ፈጥኖ የሚሰራጭ ከሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ በአጋጣሚ ትንሽ የበዛ አነሳሽ ራሱን እያበዛ ይሄዳል። የሚመረተው ገቺ ግን እዚያው አይቆይም፤ ወደ ዙሪያው ይሸሻል። ስለዚህ መሃሉ ላይ አነሳሹ ያሸንፋል፤ ዙሪያውን ገቺው ይገዛል። ከዚያ ራቅ ሲባል ገቺው ሳስቶ ለሌላ ጉብታ ቦታ ይለቃል። አንዱ ከሌላው በተወሰነ ርቀት የቆሙ ጉብታዎች ገጹን ይሞሉታል። በ1972 ጀርመናውያኑ አልፍሬድ ጊረርና ሃንስ ማይንሃርት ይህን የቅርብ ማነሳሳትና የሩቅ መግታት ሥርዓት ጥርት አድርገው አስቀመጡት።

ልብ ሊባል የሚገባው ሥርዓቱ በውስጡ የያዘው ነገር ትንሽነት ነው። የነብር ሥዕል በውስጡ የለም። በጉብታና በጉብታ መካከል ያለ ርቀት ግን አለ፤ ይህም ሁለቱ ንጥረ ነገሮች በሚሰራጩበት ፍጥነትና ሳይፈርሱ በሚቆዩበት ጊዜ ይወሰናል። ሰፊና ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ነጠብጣብ ይውጣ ወይስ መስመር የሚለውም በኬሚስትሪው ዝርዝር ይወሰናል። የቀረውን የሚናገረው ቅርጹ ነው።

መሶብ የሚሰፉ እናቶች ይህን ነገር በእጃቸው ያውቁታል። ጥለቱ ዙሪያውን ዞሮ ከተነሳበት ጋር መግጠም አለበት፤ በአንድ ዙር ላይ ስድስት ወይም ሰባት ጥለት ይገባል፣ ስድስት ተኩል ግን አይሆንም። ወደ ክዳኑ ጫፍ ዙሩ እየጠበበ ሲሄድ ሙያተኛዋ ሁለት ምርጫ አላት፤ ጥለቱን ታጠባለች ወይም ቁጥሩን ትቀንሳለች። ኬሚስትሪው የመጀመሪያው ምርጫ የለውም። ርቀቱ ቋሚ ስለሆነ ቁጥሩን ከመቀነስ በቀር ሌላ መንገድ አያገኝም።

እንግዲህ ከሥሩ ወፍራም፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ጭራ እናስብ። ከሥሩ፣ ዙሪያው በነጠብጣቦች መካከል ካለው ርቀት አራት እጥፍ ቢሆን፣ አራት ነጠብጣቦች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ዝቅ ሲል ሦስት፣ ከዚያ ሁለት ይሆናሉ። በመጨረሻ ዙሪያው ከዚያ ርቀት ያንሳል። እዚህ ላይ በዙሪያው አንዱ ጎን ጥቁር፣ ሌላው ነጭ መሆን አይችልም፤ ለልዩነት የሚበቃ ስፍራ የለም። ዙሪያው ሁሉ አንድ ቀለም ይይዛል፤ ቀለሙ ሊለዋወጥ የሚችለው በርዝመቱ አቅጣጫ ብቻ ነው። ይህ ነው ቀለበት። ሰፊ ገላ ላይ መስመር የሚያወጣ ሂደት ቀጭን ጭራ ላይ ነጠብጣብ ሊያወጣ የማይችለውም ለዚሁ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ጥለቱ የሚታቀደው እንስሳው ገና ፅንስ ሳለ ስለሆነ መለካት ያለበት የፅንሱ ጭራ እንጂ የአዋቂው አይደለም። የነብር ፅንስ ጭራ አጭርና በፍጥነት የሚቀጥን ነው። ስለዚህ ነጠብጣቡ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ቀለበቱ ለጫፉ ብቻ ይቀራል። የሸለምጥማጥ ፅንስ ጭራ ከሥር እስከ ጫፍ ቀጭንና እኩል ውፍረት ያለው ነው። ከሥሩ ጀምሮ ቀለበት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መሪ ከዚህ አልፎ ስለ እንስሳት መጠንም ተናግሯል። በጣም ትንሽ ፅንስ ላይ ምንም ጥለት አይገባም፤ ትንሽ ተለቅ ሲል የመጀመሪያው የሚገባው ጥለት ግማሽ በግማሽ ነው። የስዊዘርላንዱ የቫሌ ፍየል ከፊት ጥቁር፣ ከኋላ ነጭ ሆኖ ለሁለት የተከፈለው ለዚህ ምሳሌ ተደርጎ ይቀርባል። በጣም ትልቅ በሆነ ገላ ላይ ደግሞ ጥለቱ ከመብዛቱና ከመድቀቁ የተነሳ ከሩቅ አንድ ቀለም ይመስላል፤ ዝሆን አንድ ቀለም የሆነው በዚህ ነው ይላል መሪ። የፍየሉ ምሳሌ ለእኔ ጠንካራ ነው። በዝሆኑ ግን ያን ያህል አልተማመንም፤ ቆዳው አንድ ዓይነት እንዲሆን የሚያደርግ ሌላ ብዙ ምክንያት ሊኖር ይችላል።

የሜዳ አህያ ነገር ወደ አገራችን ያቀርበናል። ከሦስቱ የሜዳ አህያ ዝርያዎች ትልቁና መስመሩ ከሁሉ የደቀቀው ዛሬ በተፈጥሮ የሚገኘው በኢትዮጵያና በሰሜን ኬንያ ብቻ ነው። በእኛ በኩል አፋር ውስጥ የሚገኘው የአላይደጌ ሜዳ አንዱ መኖሪያው ነው። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1882 ፓሪስ ላይ ሲሆን፣ ስያሜው የተሰጠው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አንድ እንስሳ በስጦታ ለላኩላቸው ለፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ለዡል ግሬቪ መታሰቢያ ነው። የግሬቪ የሜዳ አህያ ገላው ላይ 80 ገደማ መስመሮች አሉት። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ሜዳዎች በብዛት የሚታየው ዝርያ ያሉት ከ30 ያነሱ ናቸው።

ሦስት ዝርያዎች ሦስት የተለያዩ የመስመር መመሪያዎች እንዳላቸው ማሰብ ይቀናል። በ1977 ጆናታን ባርድ ያቀረበው ስሌት አንድ መመሪያ እንደሚበቃ አሳየ። መስመሮቹ ሲታቀዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሁሉም 0.4 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማለትም ወደ ሃያ ሕዋሳት ያህል ነው ብለን እንነሳ። ልዩነቱ ዕቅዱ የሚነደፍበት ቀን ብቻ ነው። በተለመደው ዝርያ በሦስተኛው ሳምንት፣ ፅንሱ ገና ትንሽ ሳለ ይነደፋል፤ በግሬቪው ወደ አምስተኛው ሳምንት ይዘገያል። 0.4 በ80 ሲባዛ 32 ሚሊሜትር ነው፤ ፅንሱም በዚያን ጊዜ ርዝመቱ ያንኑ ያህል ነው። ቀድሞ የታቀደው አብሮ ሲያድግ እየሰፋ ጥቂት ሰፋፊ መስመሮች ይሆናል፤ ዘግይቶ የታቀደው በርካታና ቀጫጭን ሆኖ ይቀራል።

የሜዳ አህያን ትከሻ አተኩሮ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል። የእግሩ መስመሮች እንደ ጭራ ቀለበቶች እግሩን ይዞራሉ፤ የገላው መስመሮች ከጀርባ ወደ ሆድ ይወርዳሉ። ሁለቱ በሚገናኙበት በትከሻው ላይ መስመሮቹ ይታጠፉና የቀስት ጫፍ የሚመስል ቅርጽ እየደራረቡ ይሄዳሉ። መሪ ሰፊ ገጽ ከቀጭን ጋር የሚጋጠምበትን ቅርጽ ለስሌቱ ሲሰጠው ይህንኑ እጥፋት አገኘ። ለትከሻ የተለየ ነገር በስሌቱ ውስጥ አልጨመረም።

ሆኖም አንድ ስሌት ትክክለኛ ምስል ማውጣቱ፣ እንስሳው ቆዳ ውስጥ ያው ነገር መካሄዱን አያረጋግጥም። ሌላ ምክንያት ተመሳሳይ ምስል ሊያወጣ ይችላል። ባዮሎጂስቶች የቱሪንግን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ያዩት በዚህ ነበር፤ እኔም ጥርጣሬያቸው ተገቢ ነበር እላለሁ። የጎደሉት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ እንዲህ ዓይነት ሂደት በእውነተኛ ንጥረ ነገሮች መካከል እንደሚፈጠር ማየት። ሁለተኛው፣ ኬሚስትሪውን ሳይነኩ ቅርጹን ብቻ ለውጦ ጥለቱ ምን እንደሚሆን መመልከት።

የመጀመሪያው የተገኘው በ1990፣ የቱሪንግ ጽሑፍ ከታተመ ከ38 ዓመታት በኋላ፣ ፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ ነበር። በፓትሪክ ደ ኬፐር የሚመራው ቡድን ክሎራይት፣ አዮዳይድና ማሎኒክ አሲድ በጄል ውስጥ እንዲገናኙ አደረገ። ችግሩ ተራ ንጥረ ነገሮች ውኃ ውስጥ የሚሰራጩት በተቀራራቢ ፍጥነት መሆኑ ነበር። መፍትሔው ስታርች ሆነ። ቀለሙ እንዲታይ ተብሎ ጄሉ ውስጥ የተጨመረው ስታርች አዮዲኑን እየያዘ አነሳሹን አዘገየው፤ ገቺው በነፃነት ሄደ። ጄሉ ላይ በመካከላቸው 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ያለ፣ ሳይንቀሳቀሱ የሚቆሙ ነጠብጣቦች ተደረደሩ። በቀጣዩ ዓመት ቴክሳስ ውስጥ ኡያንግ እና ስዊኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በሰፋ ጄል ላይ ነጠብጣቡንም መስመሩንም አሳዩ።

ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያገኘው ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ አንጀታችን ውስጥ በሚኖረው ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ነው። በዚህ ምዕራፍ ካሉት ሙከራዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል። ባክቴሪያው ትንሽ በትር ነው፤ ርዝመቱ ከሚሊሜትር ሺህኛ ጥቂት እጥፍ፣ ይኸውም ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ለሁለት ሲከፈል በትክክል መሃሉ ላይ መከፈል አለበት። መሃሉን የሚያገኘው ሚንዲ እና ሚንኢ በሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ነው። ሚንዲ የሕዋሱ ሽፋን ላይ እየተሰበሰበ ይለጠፋል፤ ሚንኢ እየተከተለ ከሽፋኑ ያላቅቀዋል። የተላቀቀው ሚንዲ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ሄዶ ባዶ በሆነው በሌላው ጫፍ ይለጠፋል። በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከጫፍ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል፤ ሕይወቱን ሙሉም እንዲህ ይመላለሳል። ሚንዲ ባለበት መከፈል የተከለከለ ነው። በአማካይ ከሁሉ ያነሰ ሚንዲ የሚቆየው መሃል ላይ ስለሆነ ባክቴሪያው እዚያ ይከፈላል። ይህ እንደ ነብር ጠቃጠቆ የቆመ ጥለት ሳይሆን የሚመላለስ ነው፤ የተሠራበት መንገድ ግን ያው ምላሽና ስርጭት ነው።

በ2015 በኔዘርላንድ ዴልፍት የሴስ ዴከር ቤተ ሙከራ ባክቴሪያዎቹ በትር ሆነው እንዲቀሩ አልፈቀደም። ተመራማሪዎቹ የባክቴሪያውን የግድግዳ አሠራርና መከፈል በመድኃኒት ካስቆሙ በኋላ፣ በዓይን በማይታዩ ጉድጓዶች ውስጥ አሳደጓቸው፤ ጉድጓዶቹ አራት ማዕዘን፣ ክብ ወይም ሦስት ማዕዘን ነበሩ። ባክቴሪያዎቹ የጉድጓዱን ቅርጽ ያዙ። ፕሮቲኖቹ ያው፣ ጂኑም ያው ነው፤ የተለወጠው ቤቱ ብቻ ነው። ሚንዲም ወዲያው ለአዲሱ ቤት ተገዛ። በረጅም አራት ማዕዘን ውስጥ በርዝመቱ ተመላለሰ። ወርዱ በቂ ሲሆን በወርዱም መሄድ ቻለ። የሚመላለስባቸው መስመሮች ቅርጹን እኩል ለሁለት ከሚከፍሉት መስመሮች ጋር የሚገጥሙ ነበሩ። አንዳንድ መጠን ላይ ደግሞ አንድ ቅርጽ ከአንድ በላይ ጥለት ፈቀደ፤ የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው የሕዋሱ የእድገት ታሪክ ነበር። ፕሮቲኖቹ ማዕዘን የሚያዩበት ዓይን የላቸውም። ማዕዘኑ የሚሰማቸው ለመሰራጨት በሚሰጣቸው ስፍራ ብቻ ነው።

እስካሁን ስለ ስፋትና ስለ ዳር ተናገርን፤ ከዚያ የጠለቀው የጉብጠት ጉዳይ ነው። አንድ ወረቀት ተጠቅልሎ ቱቦ ሲሆን በወረቀቱ ላይ ያሉ ርቀቶች አይለወጡም። ላዩ ላይ የሚሰራጭ ንጥረ ነገር መጠቅለሉን አያውቅም፤ የሚያውቀው ዞሮ ራሱን ሲያገኝ ብቻ ነው። የጭራው ጉዳይ ይህ ነበር። ሉል ግን ሌላ ነው። ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1827 እንዳሳየው የሉል ጉብጠት ከገጹ ሳይወጡ ሊለካ ይችላል። ምድርን እንውሰድ። ከሰሜን ዋልታ በሁሉም አቅጣጫ 10,000 ኪሎሜትር ብንሄድ ምድር ወገብ ላይ እንደርሳለን፤ ዙሪያውም 40,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ምድር ጠፍጣፋ ብትሆን ያ ክብ 62,800 ኪሎሜትር ዙሪያ ይኖረው ነበር። ከአንድ ነጥብ የሚሰራጭ ገቺ እንደ ሉል በጎበጠ ገጽ ላይ የሚያገኘው ስፍራ ከጠፍጣፋው ያንሳል ማለት ነው። ኮርቻ በሚመስል ገጽ ላይ በተቃራኒው ይበልጣል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሚዛኑን የጠበቀ ኬሚስትሪ እዚህ ላይ ሌላ ሒሳብ ይገጥመዋል።

ከዚህም አንድ የማይታለፍ ገደብ ይመጣል። ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ነጠብጣቦች ሲጨናነቁ እያንዳንዱ በስድስት ጎረቤት መከበብ ይወዳል። ሉል ላይ ግን ሁሉም ስድስት ጎረቤት ሊኖረው እንደማይችል ከኦይለር ቀመር ይታወቃል። አምስት ጎረቤት ያላቸው የግድ መኖር አለባቸው፤ የቀሩት ሁሉ ስድስት ካላቸው ባለ አምስቶቹ በትክክል 12 ናቸው። ሉሉ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ነጠብጣቦቹ መቶ ይሁኑ ሚሊዮን፣ 12 ናቸው። የ1970 የዓለም ዋንጫ ኳስ 12 ጥቁር ባለ አምስት ማዕዘኖችና 20 ነጭ ባለ ስድስት ማዕዘኖች የነበሩት በዚሁ ሕግ ነው። ይህን ሕግ ምንም ኬሚስትሪ አይሽረውም።

ቱሪንግ ራሱ ወደ ሉል የሄደው ቀደም ብሎ ነበር። ተማሪው በርናርድ ሪቻርድስ የቱሪንግን እኩልታዎች በሉል ላይ ፈትቶ ያገኛቸውን ቅርጾች ከራዲዮላሪያ ጋር አነጻጸረ። ራዲዮላሪያ የሲሊካ አጽም የሚሠሩ ባለ አንድ ሕዋስ የባሕር ፍጥረታት ናቸው፤ ከክብ አካላቸው እሾሆች በተመጣጠነ አደራደር ይወጣሉ። ሥራው ገና በእጃቸው ሳለ ቱሪንግ በሰኔ 1954 በ41 ዓመቱ አረፈ። ጥለት በጎበጠ ገጽ ላይ ምን እንደሚሆን የሚያጠናው ዘርፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይበረታ የቆየው ለዚህም ጭምር ይመስለኛል።

ዛሬም አዲስ ነገር እየወጣ ነው። በ2022 ሪዮሱኬ ኒሺዴና ሹጂ ኢሺሃራ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፣ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ የቱሪንግ ጥለት በጎበጠ ገጽ ላይ ሊጓዝ እንደሚችል በስሌት አሳይተዋል። ንጥረ ነገሮቹ አልተለወጡም፤ የሚገፋቸው ነፋስም የለም። ጉዞው በመነሳቱ የገጹም የጥለቱም ተመጣጣኝነት ድርሻ አለው።

የገጹ ውፍረትም ይቆጠራል። በደቡብ ምዕራብ አውሮፓ የሚኖር አንድ ትልቅ እንሽላሊት ሲፈለፈል ቡናማ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ሲያድግ ቅርፊቶቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ይሆናሉ፤ ከዚያም ለዓመታት አንዱ ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር፣ ሌላው ከጥቁር ወደ አረንጓዴ ይገለበጣል። በ2017 የጄኔቫው ሚሼል ሚሊንኮቪች ቡድን፣ የሒሳብ ሊቁ ስታኒስላቭ ስሚርኖቭ የተሳተፈበት፣ ግልበጣው የጎረቤት ቅርፊቶችን ቀለም እንደሚከተል አገኘ። መጨረሻ ላይ አረንጓዴው ቅርፊት በአማካይ አራት ጥቁርና ሁለት አረንጓዴ ጎረቤቶች ይኖሩታል፤ ጥቁሩ ሦስት በሦስት ነው። ምክንያቱ በቅርፊቶች መካከል ያለው ቆዳ ቀጭን መሆኑ ነው። ስርጭቱ እዚያ ስለሚደናቀፍ አንድ ቅርፊት በሙሉ አንድ ቀለም ይይዛል፤ ያለማቋረጥ ይፈስ የነበረው ሂደት በቅርፊት በቅርፊት ይቆጠራል።

ሕይወት ያለው ገጽ ደግሞ ያድጋል። ኮንዶና አሳይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1995 ያጠኑት አንድ የባሕር ዓሣ ከ2 ሴንቲሜትር በታች ሳለ ሦስት መስመሮች አሉት። 4 ሴንቲሜትር ሲደርስ በነበሩት መካከል አዳዲስ መስመሮች ይወጣሉ፤ 8 ሲደርስ እንደገና። የነብር ጠቃጠቆ ከቆዳው ጋር ይለጠጣል፤ የዓሣው ግን ርቀቱን ይጠብቃል። በቆዳው ውስጥ ሂደቱ ገና እየሠራ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ይከብዳል።

ጥለቱ ራሱ ቅርጽ ሲሆንስ? ጣቶቻችን የሚወጡት መዳፍ ሊሆን ከተዘጋጀ ጠፍጣፋ የፅንስ ክፍል ላይ ነው፤ አጥንት የሚሆነውና ክፍተት የሚሆነው እንደ ሜዳ አህያ መስመር እየተፈራረቀ ይታቀዳል። በ2012 በአይጥ ፅንስ ላይ በተደረገ ሥራ፣ ግሊ3 የሚባለው ጂን በሌላቸው አይጦች ላይ ሆክስ የተባሉትን ጂኖች ደረጃ በደረጃ ሲቀንሱ ጣቶቹ እየቀጠኑ፣ እየተጠጋጉና እየበዙ ሄዱ፤ በአንድ መዳፍ እስከ 14 ደረሱ። እዚህ ላይ የመሶቡ ችግር ተገልብጦ ይመጣል። መዳፉ ከአንጓው ወደ ጫፉ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ርቀቱ ቋሚ ቢሆን ኖሮ በሰፋው ቦታ ላይ ተጨማሪ መስመር መግባት ነበረበት፤ ጣቱም መንገድ ላይ ለሁለት ይሰነጠቅ ነበር። ፅንሱ ይህን የሚያመልጠው ርቀቱን ራሱን በመለወጥ ነው። ከመዳፉ ዳር የሚመነጨው ምልክትና የሆክስ ጂኖች አብረው ርቀቱን ወደ ጫፉ እያሰፉት ይሄዳሉ፤ አምስቱ መስመሮችም ሳይሰነጠቁ ከአንጓው እስከ ጫፍ ይደርሳሉ።